ሠላሳ አራት እርምጃ

ጋሽ ተውኝ አፈር ተንዶበት በሕይወት የተረፈው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ስድስት ሆነው የውሃ መስመር ሲቆፍሩ የቦዩ ግድግዳ ተደረመሰና እሱን እስከ ደረቱ ቀበረው። አምስቱ ጓደኞቹ «ሰው እንጥራ» ብለው በየአቅጣጫው ሮጡ፤ እያንዳንዱ፣ ሌላው አብሮት የቀረ መስሎት ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል በቀኝ እጁና በውሃ መጠጫ ጣሳ አፈሩን እየጫረ ራሱን በራሱ አወጣ። የተጠራው ሰው ሲደርስ እሱ ከአፋፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያራግፍ ነበር ይባላል።

«ይባላል» ያልኩት እዚያ ስላልነበርኩ ነው። እኔ ውሃ ክፍል የተቀጠርኩት ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን። መፍቻ ልታቀብለው እጅህን ስትዘረጋ «ተውኝ» ይላል። ቧንቧ ልትይዝለት ስትጠጋም «ተውኝ» ይላል። ቅጽል ስሙን ያውቅ ነበር፤ አይከፋውም።

በሥራው ግን የሚስተካከለው አልነበረም። በሰፈሩ ያሉትን የውሃ መዝጊያዎች አብዛኞቹን የቀበራቸው እሱ ነው። መንገዱ በላይ በላዩ አስፋልት ሲለብስ ክዳኖቻቸው ከሥር ቀሩ። መሥሪያ ቤቱ ካርታ አልነበረውም፤ ካርታው እሱ ነበር። ቦታቸውን የሚይዘው በእርምጃ ነው። ለምሳሌ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ደረጃ ይነሳል፣ ከንፈሩን እያነቃነቀ ይራመዳል፣ ይቆምና መሬቱን በተረከዙ ይመታል። «እዚህ ቆፍሩ።» አንድም ቀን አልሳተም። አንድ ጊዜ ሜትር ይዤ ከኋላው ልከተለው ብል ዞር ብሎ፣

«ምነው፣ ሱፍ ልታሰፋልኝ ነው?» አለኝ።

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀብኝ። ሜትሬን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ።

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ስትሮክ መታው። ምላሱ ተረፈ፤ ግራ እግሩ አልተረፈም። ታላቅ እህቱ ቤቷ ወስዳ ታስታምመው ጀመር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ቤቱን የሰው ልብስ እያጠበች፣ ዛሬ አንድ ክፍል ከዓመታት በኋላ ሌላ ክፍል እየጨመረች የሠራችው ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው።

አንድ ማለዳ ትልቁ መስመር ከደጇ ፊት ለፊት ፈነዳ። ደርሰን ስናይ ውሃው ከቤቱ ሥር እየገባ ነው። ከውሃ ጣቢያው እንዳንዘጋው ሆስፒታሉም የሚጠጣው ከዚያው መስመር ነውና ከለከሉን። የቀረው ጋሽ ተውኝ የቀበረው የመንገዱ መዝጊያ ነው፤ እሱ በጊዜ ካልተገኘ ቤቱ እስከ ቀትር አይቆምም።

ጋሽ ተውኝን ከነወንበሩ አውጥተን መንገድ ዳር አስቀመጥነው።

«ከልብስ ሰፊው ደረጃ ሠላሳ አራት እርምጃ፣ ወደ ኩርባው» አለ።

አለቃችን ረጅም ሰው ነው። ቆጥሮ ተራመደና «እዚህ ነው!» አለ።

«አይደለም፤ አንተ ግመል ነህ።»

በያጃችን ደግሞ ድንክ ብጤ ነው። እሱ ሠላሳ አራቱን ሲጨርስ ከአለቃው ሰባት ሜትር ያህል ወዲህ ቆመ።

«እሱም አይደለም።»

«ታዲያ የት ነው፣ ጋሼ?»

«እግሬን አምጡልኝና ላሳያችሁ።»

የሳቀ የለም። ሹፌሩ ተራመደ፣ እኔም ተራመድኩ። አራት ሰው፣ አራት ቦታ። በየቆምንበት ድንጋይ አስቀመጥንና ውሃው ጫማችን ውስጥ እየገባ አስፋልቱ ላይ ስብሰባ ያዝን። በያጁ «እኔ የድሮ ሠራተኛ ነኝ» ይላል። ሹፌሩ ከአለቃው ጋር መጣላት አልፈለገም። እኔም ማንንም ላለማስቀየም ለሁሉም ራሴን ነቀነቅኩ። በመጨረሻ አለቃው «እንግዲያው መካከሉን እንቆፍር» አለ፤ ሁላችንም ተስማማን። የተቀበረ ብረት በስምምነት የሚወጣ ይመስል!

«ወደ ኩርባው! ትንሽ ወደ ኩርባው!» ይላል ጋሽ ተውኝ ከወንበሩ።

«ትንሽ ስንት ነው?»

«ትንሽ ነዋ!»

ሊነሳ ሲታገል እህቱ ትከሻውን ያዘችው። «ተቀመጥ፣ የኔ ጌታ። ትወድቅብኛለህ።»

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያቁሙኝ።»

ሁለት ሆነን ብብቱን ደግፈን ከልብስ ሰፊው ደረጃ ቆጠራውን አስጀመርነው። ቀኙን ሰነዘረ፤ ግራው መሬት ለመሬት ተጎተተ። «አንድ» አለ። «ሁለት» አለ። ሦስተኛው ላይ ቆመና እግሩን ቁልቁል አየው።

«ይሄ የኔ እርምጃ አይደለም» አለ። «መልሱኝ።»

መካከሉን አንድ ሜትር ተኩል ቆፈርን። ከአፈር በቀር ምንም የለም። ሁለተኛውን ጉድጓድ ስንጀምር የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ እንደደከመው ሰው ከሥሩ ቁጭ አለ፤ ጣሪያው ተከተለው። ሰው አልነበረበትም። እህቱ ነጠላዋን አውልቃ ወንድሟን አቧራው እንዳይነካው ፊቱን ሸፈነችው። መዝጊያውን ያገኘነው ከሰዓት በኋላ፣ ሌሎቹም ክፍሎች ከተናዱ ወዲያ ነው፣ መጀመሪያ ከቆፈርንበት ሁለት ሜትር ወደ ኩርባው።

አሁን ሁለቱም በአንዲት የኪራይ ክፍል ይኖራሉ። ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር ስለሌላ ስለሌላው እናወራለን። ባለፈው ሳምንት እህቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቆ እንዲህ አለኝ፦

«እናንተን አልወቅስም፤ የነገርኳችሁን ነው የሠራችሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ሥራዬ መስሎኝ ነበር። ማንንም ሳልጠይቅ፣ ማንም ሳይነካብኝ መሥራቴ። የምትበልጥብኝ እሷ ኖራለች። እሷ እኮ አንድም ቀን ‹ለምን ለማንም አላሳየህም› ብላ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ስትነሳ ያስላታል። አከራይዋ እንዳትሰማ ትራሱን አፏ ላይ ይዛ ነው የምታስለው። በገዛ ቤቷ እንደ ልቧ ነበር የምታስለው።»