ባሌ፣ የወረቀት መርከቡና የበርበሬ ቆርቆሮዬ

በሰው ቀንቼ አላውቅም ብል ውሸት ነው። በወረቀት እቀናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ባሌ ወጣት ሳለ ምጽዋ መርከበኛ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ወደ ቡሬ ተመልሶ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ፣ እኔን አገባ። እኔ ከማንኩሳ ገበሬዎች በርበሬ እየገዛሁ እነግዳለሁ። ሠላሳ ዓመት ስንኖር ስለ ባሕር አንድ ቃል ነግሮኝ አያውቅም። እኔም ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት።

አምና ከወፍጮው ሥራ እንዳረፈ፣ ፍኖተ ሰላም ኮምፒውተር ቤት ያለው የእህቱ ልጅ አንድ ጥቅል ወፍራም ወረቀት ይዞለት መጣ። ጎኑ በብረት የተለበጠ የጥንት የጦር መርከብ ነው ተባለ። ክፍል ክፍሉ ወረቀቱ ላይ በቁጥር ታትሟል፤ ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ በኮላ እየተጣበቀ ይሠራል።

«እረ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» አልኩት። «ቡሬ ላይ መርከብ ለምንህ ነው?»

ሳቀና ምላጭ ከሱቅ እንዳመጣለት ላከኝ። እኔ ሞኟ ሮጬ አመጣሁለት።

ከዚያ በኋላ ጨርቅ የሚነግዱት ጎረቤታችን ሶላታቸውን እየጨረሱ ከሰዓት ከሰዓት ይመጡ ጀመር። ባሌ ይቆርጣል፣ እሳቸው በስቴኪኒ ጫፍ ኮላ ይቀባሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ በርበሬ እቀነጥሳለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ሳቁን ነው፤ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ቀጥሎ ወሬው መጣ። የምጽዋ ሙቀት፣ ጎህ ሲቀድ የውሃው መልክ፣ የባሕር ጨው ቆዳ ላይ ሲደርቅ እንዴት እንደሚያሳክክ። ለእኔ ሠላሳ ዓመት የታፈነው ሁሉ ለጨርቅ ነጋዴ በአንድ ሳምንት ተዘረገፈ። አንድ ቀን ሻይ ይዤ ስገባ ወሬያቸው ቆመ፤ ሁለቱም ወንዶች ወረቀቱ ላይ አቀረቀሩ። ስወጣ ቀጠሉ። ስለ ሴት እያወሩ እንደነበር ልቤ ነገረኝ።

በማግሥቱ ባሌ ገበያ ሲወጣ ወረቀቶቹን ሳገላብጥ የመርከቡን ጭስ ማውጫ አገኘኋት። አውራ ጣት ታክላለች፤ ተጠቅልላ፣ ተጣብቃ፣ መተከል ብቻ ነው የቀራት። ልጨፈልቃት ነበር፤ እጁ የሠራት ናትና እጄ እንቢ አለኝ። ወስጄ በርበሬ ቆርቆሮዬ ውስጥ ቀበርኳት። የበርበሬ ቆርቆሮ በእኛ ቤት ወንድ አይከፍትም።

ሦስት ቀን ፈለጋት። አልጋውን አነሳ፣ ምንጣፉን አራገፈ።

«አይተሽ ይሆን?» አለኝ።

«አይጥ ወስዷት ይሆናል» አልኩት።

በአራተኛው ቀን መርከቡን በፎጣ ሸፍኖ ቁም ሳጥኑ ላይ አወጣው። ጎረቤታችንም መምጣት ተዉ። እንግዲህ ወደ እኔ ይዞራል ብዬ ጠበቅኩ። አልዞረም። በረንዳ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ይውላል።

የንስሐ አባታችን ሲመጡ አላስቻለኝም፤ ሰርቄያለሁ ብዬ ተናዘዝኩ።

«ምን ሰረቅሽ?»

«ወረቀት፣ አባ።»

«የማንን?»

«የባሌን።»

«ባልሽ ሌላ ሴት አለችው እንዴ?»

«መርከብ አለው።»

አባ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈን አደረጉ፤ ሳቅ ይሁን ሳል አላወቅሁም። ስግደት አዘዙኝና «በገዛ እጅሽ መልሽለት» አሉኝ።

ቆርቆሮውን ስከፍት ጭስ ማውጫዋ እንደ በርበሬው ቀልታለች። ብነፋት፣ ብጠርጋት ቅላቷ አልለቅ አለ። እንደሆነች ይዣት ገብቼ ፊቱ አስቀመጥኳት። አነሳት፣ አሸተታት፣ ሁለት ጊዜ አስነጠሰው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ለጎረቤት ይወራል፣ ለእኔ አይወራም!» አልኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ገብቼ ቁጣዬ ቀደመኝ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ!»

«አንች መቼ ጠየቅሽኝ?» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። መልሱን እፈራ ነበር።

መርከቡን አወረደና ቦታዋን ኮላ ቀባ። «እስኪደርቅ ያዥልኝ» አለኝ። ጭስ ማውጫዋን በሁለት ጣቴ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቱ ጉልበቴን ነካው። አሁን ካልጠየቅሁ መቼም አልጠይቅም አልኩ።

«ምጽዋ ሴት ነበረችህ?»

«ነበረች» አለ።

«ቆንጆ ናት?»

ጥቂት አሰበ። ባያስብ ይሻለኝ ነበር።

«ቆንጆ ነበረች።»

ጭስ ማውጫዋን ልጨፈልቃት ምንም አልቀረኝም።

«ቀጥል» አልኩት። ኮላው ገና አልደረቀም ነበር።