ሐሙስ ማታ ጁምዓ የሚገባበት ሰዓት

አባቴ ጅሬን ያለውን ቤታቸውን ትተው ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር እኔ ጋ ከገቡ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቀን ይጠፋባቸዋል። ማክሰኞ ጠዋት ጫማቸውን አድርገው "ጁምዓ አመለጠኝ" ብለው ይወጣሉ። አንድ ቀን አስፋልቱ መሀል፣ ባጃጆች እየጮሁባቸው፣ መስጊዱ በየት እንደሆነ ጠፍቷቸው አገኘኋቸው።

"አባ፣ ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው።"

እንደ ውሸታም አዩኝ።

በልጅነቴ ከሰው ይልቅ የሚያምኑት ሰዓታቸውን ነበር። ጥቁር የጎማ ማሰሪያ ያላት፣ ቁጥር የምትጽፍ፣ በየሰዓቱ "ጢጥ" የምትል። በርጩማ ሲቀርጹ ውለው ማሰሪያዋ ውስጥ የእንጨት ብናኝ ይገባባት ነበር። ሐሙስ ሊመሽ ሲል አጠገባቸው ያስቀምጡኝና እጃቸውን ይዘረጋሉ። አሥራ ሁለት ሲሞላ ጥግ ላይ ያሉት፣ ቀኑን የሚናገሩት ሁለት የፈረንጅ ፊደሎች ይለወጣሉ። "ጁምዓ ገባ" ይላሉ። ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ እነዚያን ፊደሎች ግን ዛሬም አልረሳኋቸውም።

ያቺን የመሰለች ሰዓት ባስርላቸው ያምኗታል ብዬ ፍለጋ ወጣሁ። ጅማ ገበያ ያሳዩኝ ሁሉ የልብ ምት የሚቆጥር ነው። አባቴን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ አጋሮ ሄድኩ። እዚያ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ከመስታወት ሣጥኑ ሥር አንዷን አወጣ።

"እትዬ፣ ይቺን ደግሞ ማን ያደርጋታል?"

"ባለቤቷ አለ።"

ሳቀና ባትሪ አስገብቶ፣ በእኛ ሰዓት ሞልቶ ሰጠኝ።

ማግስቱ ሐሙስ ነበር። አመሻሽ ላይ አሰርኩላቸው። አሥራ ሁለት ሞላ፤ አዛን ተሰማ። አባቴ ፊደሎቹን ትኩር ብለው አዩና ፈትተው መለሱልኝ።

"ኪያ ሚቲ። የኔ አይደለችም። የኔ ከመሸ በኋላ ሐሙስ አትልም።"

ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት በከንቱ መሰለኝ። ሌሊቱን ግን እሳቸው ያሉትን ሳሰላስል ገባኝ። በእኛ ቀኑ የሚለወጠው ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ጠጋኙ የሞላት ቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ላይ እንዲለወጥ አድርጎ ነው። አሥራ ሁለት በቀን ሁለቴ ይመጣል፤ አባቴ የሚፈልጉት የማታውን ነው።

እንዳላበላሻት እየፈራሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ ቁልፏን ተጫንኩ። ሰዓቱን አሥራ ሁለቴ ወደፊት ገፋሁት። ቁጥሩ እዚያው ተመለሰ፤ ቀኑንም በአንድ ገፋሁት፤ ፊደሎቹ ጁምዓ አሉ። አርብ ሲመሽ ሰዓቷን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አሥራ ሁለት ሲሞላ ፊደሎቹ ቅዳሜ ሆኑ። አባቴ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ጫማቸውን አድርገው በሩ ላይ ደረሱ። ሻርፔን አንስቼ ከኋላቸው ቆምኩ። እጃቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

"ገና ነው" አሉ። ደፉ ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

እኔም ሻርፔን መልሼ ሰቀልኩ።