አባቴ እየነዳ ያጻፋቸው ደብዳቤዎች

የመጨረሻው እሑድ እንደ ሌላው እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመለስን፤ ቀመስ አደረግንና እኔና አባቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ፣ አክስቴ ቤት ተነሣን። እናቴ እሑድ ትሠራለች። አባቴ ይነዳል፤ እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፌን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ወረቀት ዘርግቼ፣ እሱ የሚለውን እጽፋለሁ። ደብዳቤው ለታላቅ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ ሞርሞን የሚባለው የአሜሪካኖች ሃይማኖት ሚሲዮናዊ ነበር። ሃይስኩል እያለ ከሞርሞን ልጆች ጋር ቅርጫት ኳስ ሊጫወት ሄዶ በዚያው ቀረ። ከዚያ ሁለት ዓመት በብስክሌት እየዞረ እንዲሰብክ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ወዳለች ትንሽ ከተማ ላኩት። በደንባቸው ወደ ቤት የሚደውለው በዓመት ሁለቴ ነው፤ ሌላው ሁሉ በደብዳቤ ነው። አባቴ ነገሩን የሰማ ቀን፣ "ቡናም አይጠጡም አሉ?" ብቻ ነው ያለው።

"ለምን ራስህ አትጽፍለትም?" ስለው፣ "እኔ ካልነዳሁ ሐሳብ አይመጣልኝም" ይለኛል። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ነድቶ፣ እሑድ ደግሞ እየነዳ ያርፋል።

ከተማውን የሚከበው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን የሞርሞኖቹ ነጭ ቤተ መቅደስ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ይላል። አባቴ እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ ፍጥነት ይቀንሳል።

"ጻፍ። በቤትህ በኩል እያለፍኩ ነው፤ ግባና ቡና ጠጣ ያለኝ ሰው የለም በለው።"

ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ይፈጃል። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፤ እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትህ ደህና ናት፤ ወንድምህ ደህና ነው፤ ጎረቤቱ ደህና ነው። ወደ ቨርጂኒያ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ስንደርስ እኛ ገና ሰላምታ ላይ ነን። ወንድሜ ደግሞ፣ "ከድልድዩ በኋላ ያለው አይነበብም" እያለ ይጽፍልናል። "አባዬ ሌይን ሲቀይር የጻፍከውን ቃል አገኘሁት፤ ወረቀቱን አቋርጦ ሄዷል።"

የዚያን እሑድ መልሱ ደርሶን ነበር። ዐቢይ ጾም ስለነበር አባቴ ጾምህን አደራ ብሎ አጽፎኝ ነበር። ወንድሜም እነሱ ዘንድ ጾም በወር አንድ ቀን እንደሆነ፣ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ምግብ እንደሚዘልሉ ጽፏል። አባቴ እያነበብኩለት መሪውን መታ መታ አደረገ።

"ሁለት ጊዜ? ይሄማ ጾም አይደለም፤ ምሳ መርሳት ነው። እንዲህ ከሆነ እኔም ሳላውቅ ሞርሞን ነኝ በለው።"

ራሱ በቀልዱ ሲስቅ ከአውራ ጎዳናው መውጫችን አለፈን። አክስቴ ዘግይታችኋል ብለው ተቆጡ። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው።

"ያ ልጅ አሁንም በር ለበር ነው? ኢንሹራንስ ሻጭ ሆኖብን ቀረ እኮ!"

"ኢንሹራንስ ይሻላል፣ እትዬ፤ ኮሚሽን አለው" አለ አባቴ።

ስንመለስ ደክሞት ነበር። ደብዳቤውን ሳንጨርስ ቀረን።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹን አድርሶ፣ አውቶቡሱን ቦታው አቁሞ፣ ከመቀመጫው ሳይነሣ ቀረ። ልቡ ነው አሉን። እናቴ ሆስፒታል ደረሰች። እኔ አልደረስኩም። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ ሞክሬ ነበር። አይሆንልኝም።

ከሰዓት በኋላ ቤታችን በሰው ሞላ። አክስቴ አልቅሰው አልቅሰው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተናገሩ።

"ለልጁ እንዳትነግሩት። ሰው አገር ብቻውን ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። የቀረው ጥቂት ወር ነው። ይጨርስና ሲመጣ ቁጭ አድርገን እንነግረዋለን።"

ሰዎቹ ልክ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ፊት ለፊት ነው የሚነገረው። ያ ካልተቻለ ይቆያል።

"ደብዳቤስ? ይጠብቃል እኮ" አልኩ።

"የምትጽፈው አንተ አይደለህ? የአባትህን አነጋገር ታውቅበታለህ። እየጻፍክ ላክለት።"

"ቀብሩ ሐሙስ ነው፣ እትዬ። አባቱን ሳይቀብር?"

"ዝም በል አንተ!"

እናቴ ወደ እኔ ብቻ አየች።

መኝታ ቤት ገብቼ የእሑዱን ደብዳቤ አወጣሁ። ጽሕፈቱ ከመጀመሪያውም የእኔ ነው። ማንም አያውቅም። ትንሽ ልሞክር ብዬ፣ አባቴ ምን ይል ነበር ብዬ አሰብኩ። ወዲያው መጣልኝ። "ብስክሌት ላይ ውለህ እግርህ ከቀጠነ ያንን አንድ ቀን ጾም እንኳ ተወው፤ እኔ እጾምልሃለሁ።" ጻፍኩት። ራሱ አባቴ ነው። ሳቄ መጣ፤ ሳሎን ያሉት እንዳይሰሙኝ አፌን ያዝኩ። ከዚያ ፈራሁ። እንዲህ ከቀለለኝ እስከ መጨረሻው መጻፍ እችላለሁ ማለት ነው። ወንድሜ ከንፍሮና ከለቅሶ ርቆ፣ በየሳምንቱ በሞተ ሰው ቀልድ ሊስቅ ነው። አባቱ የተቀበረ ቀን ሳይቀር። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ጠዋት የአባቴን መኪና ቁልፍ አነሣሁ። የወንድሜ አድራሻ ያለበትን ፖስታ ያዝኩ። እናቴ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ልነግረው ነው" አልኳት።

"ቀስ ብለህ ንዳ" አለችኝ።

በሩን ስከፍት ሶፋው ላይ ያደሩት አክስቴ ተነሡ።

"ወዴት ነው?"

"ፔንሲልቬኒያ።"

"ብቻህን? ለመርዶ ብቻውን የሚሄድ ሰው የት ነው ያየኸው? በቀይ ሹራብ ደግሞ! ፖስታ ልታደርስ ነው?"

ሹራቤን ቀየርኩ። ስመለስ ጫማቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል።

"መንገዱን ታውቀዋለህ?"

"ጂፒኤስ አለ፣ እትዬ።"

"መርዶ በማለዳ ነበር። አሁን ተነሥተን ምሳ ሰዓት ላይ ልንደርስ ነው። በዚህ አገር ማለዳም ሩቅ ነው።" መኪናው ውስጥ ገብተው ቀበቶውን ጎተቱ። "እኔ ነኝ የምናገረው። አንተ ከኋላዬ ቁም። እንዳታለቅስ።"

ተራራው ሲጀምር በረዶ ነበር። አክስቴ አልፎ አልፎ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሚሉትን እየተለማመዱ መሰለኝ።

የወንድሜ ቤት ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ሱቅ በላይ ነው። ደረጃውን ወጣን። አክስቴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንኳኩ። ወንድሜ ነጭ ሸሚዝና ከረባት አድርጎ ከፈተ። ለማያውቀው ሰው የሚሰጠውን ፈገግታ አዘጋጅቶ ነበር። እኛን አየ። ነጠላውን አየ።

"ማን?" አለ።

አክስቴ አፋቸውን ከፈቱ። የተለማመዱት ጠፋባቸው። የበሩን መቃን ያዙ።

በጎናቸው አልፌ ፊቱ ቆምኩ።

"አባዬ ነው። ትናንት ጠዋት። ሐሙስ ይቀበራል፤ ልንወስድህ ነው የመጣነው።"