ኦቦ ለሜሳ እና የደንዲ ጀልባ ሦስተኛው ፕሮፔለር

የኦቦ ለሜሳን ማረፍ በስልክ የሰማሁት ትናንት፣ ደንዲ ሐይቅ መሃል፣ ተሳፋሪ ጭኜ ስሻገር ነው። ሞተሩን አጠፋሁ። አምቦ ውስጥ ስንት ዓመት የሞተር ጥገና ያስተማሩኝ መምህሬ ማረፋቸውን ስናገር አንዲት እናት፣ «ውይ! እኚያ ጀልባ ላይ ቆመው ያጨበጨቡት?» አሉ። አዎ፣ እሳቸው።

ያን ጊዜ የጀልባ ማኅበራችን ሥራውን ሊያቆም ተቃርቦ ነበር። ከጊንጪ በሳምንት የሚፈቀድልን ቤንዚን አንድ ጀሪካን ነው፤ እሱም ከሐሙስ አያልፍም። ድንች የያዙ እናቶች፣ በሽተኛ የተሸከሙ ቤተሰቦች እንደገና ሐይቁን በእግር ሊዞሩ ነው። ነገሩን ያባሰው ደግሞ የራሳችን ብልጠት! «ትልቅ ከሆነ አብልጦ ይገፋል» ብለን ሰፊና ክንፉ በጣም የተጠማዘዘ ፕሮፔለር፣ ውሃውን እየቀዘፈ ጀልባዋን የሚገፋውን ተሽከርካሪ ክንፍ፣ ገጠምን። ሞተሩ አቃሰተ፤ ቤንዚኑም ማክሰኞ አለቀ።

አምቦ ሄጄ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ኢንተላ ኮ! ልጄ፣ የተጫነ መኪና የጌዶን ዳገት በአምስተኛ ማርሽ ይወጣዋል? ደንዲ ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ሞተርሽ የሚተነፍሰውን ሳታዪ ፕሮፔለር አትምረጪ።»

በማግስቱ መጡ። ዋና አይችሉም፣ ውሃም ይፈራሉ፤ የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው አጥብቀው ገቡ። ባዶ ጀልባ ግን አልፈትንም አሉ። «ማን ነው ባዶውን የሚሻገር?» ብለው ሰዎቹን ከነድንቻቸው አስጫኑ። ቤንዚኑ ስንት እንደጎደለ እንዲታይ በነጩ የቤንዚን ጀሪካን ላይ ከላይ ወደ ታች በምስማር መስመሮች ጫሩ። ነፋስ በአንድ በኩል ገፍቶ እንዳያታልለንም ሄደን መመለስ ነበረብን።

መጀመሪያ የመረጡት፣ ከአሮጌ ሞተር ፈትተው ያመጡት ፕሮፔለር፣ የክንፉ ጥምዝ ትንሽ ነበር። ሞተሩ ጮኸ፤ ጀልባዋ ግን አዘገመች። እኔ በሰው ፊት አፈርኩላቸው። እሳቸው ግን ብድግ ብለው አጨበጨቡ! «እሰይ! ተሳሳትኩ! የእናንተው ከበደው፣ የእኔው ቀለለው፤ እንግዲህ መልሱ መሃል ላይ ተያዘ!» ጀልባዋ ስትወዛወዝ ውሃው ትዝ አላቸውና ዘጭ ብለው ተቀመጡ። በሳቅ ሞትን።

ሦስተኛውን፣ መካከለኛውን፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ፈልገው አመጡት። ገጠምነው። ሞተሩ ሳያቃስት፣ ሳይጮህ፣ ደስ የሚል ድምፅ ያዘ። ሄደን ስንመለስ ቤንዚኑ ወደ መጀመሪያው መስመር እንኳ አልወረደም! ያን ቀን ያወጣሁትን እልልታ በሠርጌም አላወጣሁት። በዚያ ሳምንት ቅዳሜንም፣ እሑድንም ሠራን፤ ማኅበሩም የማቆሙን ወሬ ዳግመኛ አላነሳው።

ተማሪ ሆኜ የማውቃቸው መምህር ሲሳሳቱ የሚደነግጡ ሳይሆን የሚቸኩሉ ሰው ነበሩ፤ ቶሎ ወደሚቀጥለው ሙከራ። ይህን ከእሳቸው የተማርን ብዙ ነን።

ኦቦ ለሜሳ፣ ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ! ዛሬ ጠዋት ከማዶ ያለው ሰው ሁሉ ሊሸኝዎት ፈለገ። አራት ጊዜ ተመላልሼ አሻገርኩት፤ አንድም ሰው አልቀረም። ድሮ ቢሆን ግማሹ ማዶ ሆኖ ያለቅስልዎ ነበር። መቃብርዎ አጠገብ ቆሜ እንኳ «ስንት ቀረ?» ሲሉኝ ይሰማኛል። አይቻለሁ፣ መምህሬ። ቤንዚኑ ከሁለተኛው መስመር በላይ ነው። ለመመለሻችንም ይበቃል፤ እርስዎ በሰላም ይረፉ።