ለእናቴ ያስፈታሁት እስረኛ

ኮልፌ ውስጥ ቪዲዮ ቤት በየመንደሩ በነበረበት ዘመን እኔ ነኝ ያለ ተርጓሚ ነበርኩ። ላላየ ሰው ላስረዳ። ክፍሉ ጭቃ ቤት ነው፤ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኗል፤ አግዳሚው ላይ ሰው ተጠቅጥቋል። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ደግሞ አንድ ሰው ማይክ ይዞ ተቀምጦ ፈረንጆቹ የሚሉትን ሁሉ በአማርኛ ይናገራል። ያ ሰው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛዬ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ከሚሉት ግማሹ አይገባኝም ነበር። ታዲያ ማን ያውቅብኛል? ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል የለ፤ እኔም እጨምርበታለሁ። ገዳዩን የሟች አጎት አደርገዋለሁ፤ ፖሊሱን የመርካቶ ልጅ አደርገዋለሁ። ሰው ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ በማግስቱም ይመጣል። እንዲያውም አንድ ቀን የእንግሊዝኛ አስተማሪ የሆነ ሰውዬ እስከ መጨረሻው ካየ በኋላ፣ "ያንተኛው ከእነሱ ይሻላል" ብሎኝ ሄዷል። ይሄን ለባለቤቴ ስንት ጊዜ እንደነገርኳት እሷን ጠይቋት።

አሁን ቪዲዮ ቤቱም የለም፣ ማይኩም የለም። አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። የቀረችኝ ተመልካች እናቴ ብቻ ናት። ያኔ ቪዲዮ ቤቱን "የሰይጣን ቤት" እያለች ደጃፉን ያልረገጠች ሴትዮ፣ ዛሬ ፊልም ካልተረጎምኩላት ቅዳሜው ቅዳሜ አይመስላትም።

ተመልካች አልኩ እንጂ እሷስ መች ታያለች። ሁለቱም ዓይኖቿ ሞራ ለብሰዋል። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታያት የሚንቀሳቀስ ጥቁርና የሚንቀሳቀስ ነጭ ነው፤ የቀረውን የምሞላው እኔ ነኝ። ቁምሳጥኑን እንግዳ መስሏት "አሰላሙ አለይኩም" ያለችው ቀን ስቀናል፤ እሷም አብራን ስቃለች። ደረጃው ላይ ተንሸራታ ግንባሯን የተፈነከተች ቀን ግን የሳቀ የለም። ከዚያ ወዲያ መውረድ ተወች። የታመመ መጠየቅ ቀረ፤ ለቅሶ መድረስ ቀረ። እናቴን ለሚያውቅ ለቅሶ አለመድረስ ለእሷ ከዓይኗም የባሰ ነገር ነው።

ሐኪሙ በደንብ አስረድቷታል። "ሞራው ቢገፈፍ ያያሉ እናቴ፤ የቀኙ ግን ብዙ ከቆየ ዋስትና አልሰጥዎትም" ብሏታል። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተይዞላት ሁለቴም ቀረች። አንዴ ጉንፋን ያዘኝ አለች። አንዴ ደግሞ ምንም ሳትል ጫማዋን ደበቀችው፤ ከሦስት ቀን በኋላ ከድስቶቹ ጀርባ አገኘነው። አንድ ሰውዬ በሁለት ዓይኑ ገብቶ በአንድ ወጣ የሚል ወሬ ከየት እንደሰማች አላህ ይወቅ። "ጥላም ቢሆን ማየት ነው፤ እሱንም ቢነጥቁኝስ?" ትላለች። ለመንናት፣ ተቆጣናት፣ ሽማግሌ ላክንባት። ሽማግሌዎቹን ሻይ አጠጥታ፣ መርቃ ሸኘቻቸው። እኔ በበኩሌ እናቴ እያየሁ በገዛ ቤቷ ልትታወር ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

እንዲህ ባለው ሰሞን ነው አንድ የድሮ የእስር ቤት ፊልም በፍላሽ አስጭኜ የገባሁት። በቪዲዮ ቤት ዘመኔ ስንቴ ተርጉሜው፣ ስንቴ ማይኩን ይዤ ያለቀስኩበት ፊልም ነው። ወፍጮ ቤት የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። አሠሪው ወፍጮውን ራሱ ያቃጥልና በልጁ ያላክካል። ሃያ ዓመት ይፈረድበትና ድንጋይ ካባ ያለበት ወህኒ ቤት ይወርዳል። የወህኒ ቤቱ አዛዥ ደግሞ አንድ ቅጣት አለው፦ ያጠፋ እስረኛ ባዶ በርሜል ላይ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ከወደቀ በማግስቱ እንደገና ይቆማል።

ገና ልጁ ወህኒ ቤት እንደገባ እናቴ፣ "ስንቅ ማን ያመላልስለታል?" አለችኝ።

ፊልሙ ውስጥ ስንቅ የሚባል ነገር የለም። መንግሥታቸው ነው የሚያበላቸው። ይሄን ብነግራት አታምነኝም። "እህት አለችው፤ በየሳምንቱ ትመጣለች" አልኩ።

"ምን ይዛ?"

"ሽሮ።"

"ሽሮ ብቻ?"

"ሥጋ ተወዷል እኮ እማ።"

ባለቤቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳቋን በሻርፗ አፈነች። እናቴ መች በዚህ ብቻ ትለቀኛለች። ዋስ የሚሆነው ዘመድ የለውም ወይ አለች፤ ዘመዶቹ ሩቅ አገር ናቸው አልኩ። ታዲያ ሽማግሌ እንኳን አይላክም ወይ አለች። ሦስት ዘበኞች ወደ አዛዡ ቢሮ ሲገቡ ጠብቄ፣ "ሽማግሌዎቹ ገቡ" አልኩ።

"እሺ አላቸው?"

"አሻፈረኝ አለ።"

"አሳዳጊ የበደለው" አለችና አዛዡን በደንብ አድርጋ ረገመችው።

ልጁ ለሦስተኛ ጊዜ በርሜሉ ላይ ወጣ። ይሄን ቦታ ስተረጉም ያስደስተኛል፤ ምክንያቱም የሚናገር ሰው ስለሌለ እንደልቤ ነው። ፀሐዩን ነገርኳት፤ ከንፈሩ መሰንጠቁን ነገርኳት፤ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ያልሠራሁትን ሠራሁ አልልም ማለቱን ነገርኳት። እናቴ መቁጠሪያዋን መቁጠር አቆመች። ቀስ ብላም፣ "ይሄ ልጅ ይሄን ሁሉ ችሎ፣ እኔ ለግማሽ ሰዓት ሐኪሙ ጋ ጋደም ማለት አቃተኝ?" አለች። ባለቤቴና እኔ ተያየን።

"ስማኝ" አለችኝ ቀጥላ። "ይሄ ልጅ በሰላም ከወጣ፣ ወላሂ እኔም እሄዳለሁ። የፈለጉትን ያድርጉት ዓይኔን።"

ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥኩ። ልጁ አይወጣማ። አሠሪው በመጨረሻ ይናዘዛል፤ የምሕረት ደብዳቤውም ይመጣል፤ ሲደርስ ግን ልጁ ከሞተ አንድ ቀን ሆኖታል። ነጭ ጨርቅ አልብሰው በጋሪ ያወጡታል፤ ዘበኛው ቆቡን ያወልቃል፤ አለቀ። ባለቤቴም ይሄን ታውቃለች፣ ከእኔ ጋር አይታዋለች። ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ሄደችና ትታኝ ቀረች። የቀረኝ ሩብ ሰዓት ነው። እንግዲህ የኮልፌ ተርጓሚ ከሆንኩ ዛሬ ይታይ አልኩ።

ደብዳቤው መጣ። በጊዜው ደረሰ አልኩ። የወህኒ ቤቱ በር ተከፈተ። "ወጣ፣ እማ። ልጁ ወጣ።"

ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። "ያ ነጩ ምንድን ነው?"

"ጋቢ ነው። ብርድ እንዳይመታው ጋቢ አልብሰውት ነው።"

"ታዲያ ምነው ተኛ?"

"ስንት ዓመት ድንጋይ የፈለጠ ሰው አይደክመውም? በጋሪ እየሸኙት ነው።"

"ሙዚቃውስ ምነው እንዲህ ያለቅሳል?"

"የደስታ እንባ ነው" አልኩና ድምፁን ቀነስኩት።

እናቴ ሁለት እጆቿን ዘርግታ አልሐምዱሊላህ አለች። "በሰላም ግባ ልጄ፤ እናትህን አላህ አይንሳህ" ብላ ሟቹን መረቀችው። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ሰኞ ደውልላቸው" አለች።

ሰኞ ደወልኩ። በዚያው ሳምንት የቀኙ ተሠራ፤ ወር ቆይቶ ግራው። ጫማዋን ራሷ አጥልቃ ነው የሄደችው። የቀኙ ፋሻ ሲነሳ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው፤ ለረጅም ጊዜ አየችኝና፣ "አንተ፣ መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?" አለች። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ደስታው ነው፣ ሽበቱ አይደለም።

ቤት ከገባን በኋላ ግን ጉድ ፈላ። ሴትዮዋ ስንት ዓመት ያላየችውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ልታይ ተነሳች። ምድጃው ሥር አየች። መጋረጃውን ገልጣ ጀርባውን አየች። የግድግዳውን ጥግ በጣቷ ጠርጋ ጣቷን ለባለቤቴ አሳየቻት። ባለቤቴ ማታ በጆሮዬ፣ "ሞራውን የሚመልስ ሐኪም የለም?" አለችኝ። እናቴ ደረጃውን እንደ ወጣት እየወረደች የቀረባትን ለቅሶ ሁሉ መድረስ ጀመረች፤ አንዳንዱ ቤት ሐዘኑን ረስቶ ልጅ እየዳረ ነበር። እሷ ግን አልቅሳ ትመለሳለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የፈራሁት ደረሰ። "ያንን የወፍጮ ቤቱን ልጅ አምጣው። መልኩን ልየው" አለችኝ።

ፍላሹ ተበላሽቷል አልኩ። ባለቤቴ ከመሳቢያው አውጥታ ሰጠቻት። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለችኝ፤ የምድጃውን በቀል በእኔ ተወጣችው። ሰካሁት። እናቴ፣ "አንተ ዝም በል፣ ዛሬ የማየው በራሴ ነው" ብላ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እህቱን ጠበቀች፤ እህት የለችም። ሽማግሌዎቹ ዘበኞች ሆነው መጡ። ዞራ ቀና ብላ አየችኝ። የመጨረሻው ላይ ጋሪው ወጣ፣ ዘበኛው ቆቡን አወለቀ።

"ጋቢ?" አለችኝ።

"አፉ በይኝ፣ እማ" አልኩ።

ለልጁ አለቀሰች፣ ያውም ደረቷን እየደቃች። ከዚያ እኔን ተቆጣች፣ የእውነቷን። "ለሞተ ሰው በሰላም ግባ ስል ቁጭ ብለህ ሰማኸኝ" አለችኝ። "በሐሰት አስማልከኝ።" እስከ ማግስቱ እሑድ ከሰዓት ድረስ አላነጋገረችኝም። ቁርስ ላይ ዳቦ ስጠኝ ያለችው በባለቤቴ በኩል ነው። እኔም በልቤ ትክክል ናት እላለሁ፤ ግን ነገሩ እንደገና ቢመጣ እንደገና እዋሻለሁ። ይሄንንም ራሴን ስለማውቅ ይቅርታዬ አፌ ላይ አልጣፈጠኝም።

እሑድ ከሰዓት እናቴ ከታች ተመለሰች። ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት ጴንጤ እትዬ አሉ፣ በዕድሜ የእሷ እኩያ ናቸው፤ መዝሙራቸው በደረጃው በኩል እኛ ድረስ ይሰማል። እሳቸውም ሁለት ዓይናቸው ሞራ ነው። እናቴ ከተሠራች ጀምሮ በየቀኑ እየወረደች ትለምናቸዋለች፣ ዓይኗን ታሳያቸዋለች። እሳቸው፣ "ያንቺ ቀና፣ የእኔ ቢጠፋስ?" እንዳሉ ናቸው። የዚያን ቀን የፈላ ሻይ እጃቸው ላይ ደፍተው አግኝታቸዋለች።

ቤት ገብታ አልተቀመጠችም። ቴሌቪዥኑ ጋ ሄዳ ፍላሹን ነቀለችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ከቅዳሜ ወዲህ መጀመሪያ ያነጋገረችኝ ያኔ ነው።

"ተነስ፣ ውረድ" አለችኝ። "ለእሷም ልጁን አስፈታላት።"