ከስሟ ቀጥሎ ያለው ስም

ትናንት እዚሁ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ፣ ክሊኒክ ውስጥ፣ የልጅ ልጄ የሕክምና ፈቃድ ወረቀት ላይ ስትፈርም የእስክሪብቶው ጫር ጫር ከመቀመጫዬ አስነሳኝ። ራሷ ፈረመች፤ ባልሽ የት ነው ያላት የለም። እኔ ግን ቁጭ ማለት አቃተኝ። ስሚኝ፣ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ከአገር ሸሽተን ኢስሊ እንኖር ነበር። አንድ ጠዋት ጎረቤቴ ሆዷን ይዛ ደጃፌ ላይ ወደቀች። በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲ፣ ሆስፒታል አደረስኳት። ኮሪደሩ በረኪና በረኪና ይሸታል። ሐኪሙ ጽንሱ ከማህፀን ውጭ ነው፣ ውስጥ ውስጡን እየደማች ነው፣ አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት አትተርፍም አለ።

መዝጋቢዋ ግን «ብዋና ዩኮ ዋፒ?» አለች። ባሏ የት ነው ማለቷ ነው፤ እሱ ካልፈረመ አይሆንም። ባሏ ለንግድ ሞያሌ ሄዷል፣ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።

«እኔ ልፈርም» አልኩ።

«አንቺማ ሴት ነሽ» ብላ ሳቀች። እሷስ ምን ነበረች?

ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። የጎረቤቴ ከንፈር ነጥቷል። መዝጋቢዋ ከስሟ ቀጥሎ ያለውን ስም በጣቷ ነካችና «ይኸው ባሏ፣ ጥሪው እንጂ!» አለችኝ። በኬንያውያኑ ዘንድ ያገባች ሴት የባሏን ስም ትይዛለች፤ እኛ እስከ መቃብር የአባታችንን ነው። አባቷ ደግሞ ከተቀበሩ ቆይተዋል።

«አዎ፣ እሱ ነው» አልኩ። «ውጭ ቆሟል፤ ደም ማየት አይችልም።»

«ወንዶች!» አለችና ወረቀቱን ሰጠችኝ።

ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሜ፣ አራተኛ ክፍል ድረስ በተማርኩት ፊደል የሟቹን ስም በአማርኛ ጻፍኩ። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ጣቶቼ ቀለም እንደነካቸው ወረቀቱን ለመዝጋቢዋ መለስኩላት።

ተረፈች። ባልየው ሲመለስ «ሳልፈቅድ ማን አስቀደዳት?» እያለ በሬን ደበደበ። እሱን ረስቼዋለሁ። እሷ ካረፈችም ዓመታት ሆኗታል። ያልረሳሁት ከሰመመን ስትነቃ የጠየቀችኝን ነው።

«ማን ፈረመልኝ?»

«አባትሽ።»

ራሷን ወደ በሩ አዞረች።

«አባዬ ናይሮቢ ድረስ መጣ?» አለችና እጄን ይዛ ተኛች። ጣቶቼ ላይ ቀለሙ ገና አልለቀቀም ነበር።