ታንኩ ሲሞላ የሚጠፋው ሞተር

ቀየት በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ገበያው ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ የለም። ፈትቼ፣ አበላሽቼ፣ መልሼ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት።

ክረምቱ እንዳለፈ አንድ ቄስ አሮጌ ሞተራቸውን እየገፉ መጡ። ባለቤታቸው ፊታቸውን ከነፋሱ በነጠላ ከልለው ከኋላ ይከተላሉ። በማግስቱ ጠዋት የባለቤታቸው የዓይን ሞራ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ሊገፈፍ ቀጠሮ አላቸው። ሐኪሞቹ ከሌላ ቦታ መጥተው፣ ሠርተው የሚመለሱ ናቸው። ባለፈው ዙር ሞተሩ መንገድ ላይ ቆሞባቸው ሲደርሱ ሐኪሞቹ ሄደው ነበር። እነሱ ሰፈር ደግሞ መኪና የሚገባው በገበያ ቀን ብቻ ነው።

«በቅሎዬ እንኳ የምትቆመው ሣር ስታይ ነበር፤ ይሄ ምን አይቶ ነው?» አሉኝ ቄሱ።

ሞተሩ ትንሽ ሄዶ ይጠፋል፣ ጥቂት ሲያርፍ ይነሣል። እንዲህ ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ለካንዴላው እሳት የሚልከውን ኮይል ነው። ኮይል ሲግል ይደክማል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ኮይሉን ግን ደብረ ብርሃን ወስደው አስቀይረውታል። ካንዴላውን ስፈታው ጫፉ ነጣ ብሏል፤ ይሄ ቤንዚን የሚያጥረው ሞተር ምልክት ነው። ቤንዚኑን ከአየር የሚያደባልቀውን ካርቡራተር አውርጄ ቀዳዳዎቹን አየሁ፤ ንጹሕ ናቸው። ገጥሜ አስነሣሁትና እዚያው በቆመበት ብዙ ሠራ፣ አልጠፋም።

«መቼ መቼ ነው የሚጠፋብዎት?» አልኳቸው።

«ሲፈልግ ነዋ!»

ደጃፉ ድንጋይ ላይ የተቀመጡት ባለቤታቸው፣ «ቤንዚን በሞላን ቀን ነው። ሲጎድል ደህና ይሄዳል» አሉ።

«አንቺ ደግሞ! ጠግቦ የሚደክም ሞተር አለ?»

«የታመመው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ምን ሆነ? ከኋላ ተቀምጬ የምሰማው እኔ ነኝ።»

ታንኩን አፉ ድረስ ሞላሁት። የካንዴላ መፍቻ ኪሴ ከትቼ ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጠፋ። እንዲህ ያለውን ብልሽት ሳያርፍ መያዝ ያስፈልጋል፤ ካረፈ ሁሉም ነገር ደህና መስሎ ይታያል። ወዲያው ካንዴላውን ፈትቼ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቼ ሞከርኩት፤ እሳቱ ሰማያዊና ጠንካራ ነው። ቀጥዬ የቤንዚኑን ቱቦ ነቀልኩ። ጥቂት ጠብ ጠብ ብሎ ቆመ፤ ታንኩ ግን ሙሉ ነው። የታንኩን ክዳን ስከፍት አየር ፉሽ ብሎ ገባ፣ ቤንዚኑም ከቱቦው በጣቶቼ ላይ ፈሰሰ።

ቤንዚን ሲወርድ ቦታውን አየር መተካት አለበት። ለዚህም ክዳኑ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አለች። ሙሉ ታንክ ውስጥ ያለው አየር ጥቂት ስለሆነ፣ ቀዳዳዋ ከተዘጋች ቶሎ ይታፈናል። ክዳኑን ገልብጬ አየሁት። ቀዳዳዋ በቢጫ ሰም ተደፍናለች፤ የደፈናት ሰው በጣቱ አለስልሶታል።

ተመልሼ፣ «አባ፣ ክዳኑ ላይ ሰም አድርገውበታል?» አልኳቸው።

«ጧፍ አቅልጬ ነው የደፈንኩት» አሉ ሳያቅማሙ። «ነጠላዬን ታንኩ ላይ አስሬ ስሄድ ቁልቁለቱ ላይ ቤንዚን ያፈስስበት ነበር። ቤንዚን ቤንዚን እየሸተትኩ መቅደስ ልግባ?»

ባለቤታቸው ሳቁ። «ዕጣን ያሸንፈዋል ብዬዎት ነበር!»

ሰሙን በቀጭን ሽቦ አወጣሁት። ያፈስስ የነበረው ቤንዚን በቀዳዳዋ እንዳይወጣ የሚከለክለው የክዳኑ ጎማ አልቆ ስለሆነ ከአሮጌ ክዳን ላይ ደህና ጎማ ፈትቼ ለወጥኩለት። ታንኩን መልሼ ሞልቼ ያንኑ ዳገት ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ደግሜ ወጣሁ። አልጠፋም። እንዲያም ሆኖ በማግስቱ ጠዋት ስልኬን ከእጄ አላወረድኩም።

ደወሉ። «ደርሰናል፣ ተራ ይዘናል» አሉ ቄሱ። ከጎናቸው የባለቤታቸው ድምፅ ይሰማል፤ «ወገቤን ቆረጠው በሉት! ድሮ እንኳ ሲቆም ወርጄ እንጠራራ ነበር።»

ልመልስላቸው ስል፣ «በል ልጄ፣ ስሟን ጠሩ፤ ደግፌ ላስገባት» ብለው ዘጉት።